ያልፈረምኩበት ደብዳቤ

ይትባረክን ያወቅኩት ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጭኑ ላይ የቡና ችግኞች ይዞ ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጨን አንዱ እኔ ላይ ተደፋ።

«ሥሩ ተነካ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«የኔስ ቀሚስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እስክንወርድ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

ሁለት ዓመት ተዋደድን። እሱ ቴፒ አካባቢ በአንድ የግል ቡና እርሻ ባለሙያ ነው፤ እኔ ሚዛን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ።

የቀለበታችን ዕለት አባቴ አማን ከተማ ባለው ቤታችን ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠርቷል። ጣቴን ስዘረጋለት ይትባረክ ብድግ አለ።

«ይህችን ሴት አላውቃትም! ልትመርዘኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀለበቱን ወርውሮ ወጣ።

አባቴ ለሳምንታት ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ አፈረ። እኔ አላለቀስኩም። እሱም እህቱም ቢደውሉ አላነሣሁም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳዋረደኝ እንዲዋረድ።

መጻፍ ሥራዬ ነው። «ሰክሮ ሥራ ይገባል፤ ሠራተኞች ላይ ይጮኻል» ብዬ ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጻፍኩ። አልፈረምኩበትም። መባረሩን የሰማሁ ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ታላቅ እህቱ ሸዋነሽ ትልቅ ፖስታ ይዛ ቢሮዬ መጣች። አዲስ አበባ የተነሣውን የኤምአርአይ ፊልም አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። በግራጫው አንጎል ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ ነጣ ያለ ነገር ይታያል።

«ብግነት ነው አሉን» አለች። «የገዛ ሰውነቱ ነው አንጎሉን ያጠቃው። ከቀለበቱ በፊት ጀምሮታል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አላሳከማችሁትም?»

«ሥራ ላይ መንገዳገድና መጮህ ጀምሮ ነበር፤ ሰክሮ ተባረረ ሲባል እኛም መጠጥ ነው ብለን ዝም አልነው። ሐኪሙ ዘግይታችኋል ብሎ ተቆጣን። አሁን መድኃኒቱ እያሻለው ነው። የዚያን ቀን ምንም አያስታውስም፤ ስላንቺ ግን ይጠይቃል።»

በማግስቱ ቴፒ ሄድኩ። ከስቷል። ኩባያውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

«ሰደብካት አሉኝ» አለ። «ረድዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ይቅርታውን መቀበል አቃተኝ። ስለ ደብዳቤው ነገርኩት።



«መቼ ጻፍሽው?»

«በሁለተኛው ሳምንት።»

«በንዴት?»

መዋሸት እችል ነበር። «አይ። ሁለቴ አርሜ ነው የላክሁት።»

«እኔን በሽታ ነው ያናገረኝ» አለ ኩባያውን እያስቀመጠ። «አንቺ ግን ጤነኛ ነበርሽ።»

ከሕክምና ማስረጃው ጋር ለሥራ አስኪያጁ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ። ሥራው ተመለሰለት። እርሻው ለመሥሪያ ቤቴ አሳውቆ እኔም ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ባልደረቦቼ ስገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በላክሁ በስድስተኛው ወር ሚዛን መናኸሪያ ተገናኘን። ፊቱ ሞልቷል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። ሰው መሀል ሮጬ ላቅፈው ነበር። እሱ ግን ባለበት ቆሞ፣ እንደማያውቀኝ ሰው በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ ወይዘሪት ረድኤት?»

አንቱታው ደረቴ ላይ አረፈ። ሆን ብሎ እንዳለው ዓይኑ ነገረኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩት። «እርስዎስ?»