የሙከራ ሰዎች

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ወንበሮች ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በፕሮጀክተር የሚታየውን ገጽ እየገለጡ ስለነበር መጀመሪያ አልሰሙም። ገጹን የሠራችው ልጅ ግን ሰማች። ቀና ስትል ያየችውን አንብባ ክው አለች።

«ቀይ ሹራብ፦ አዲሷ፣ ዛሬ የት ጠፋሽ? ቦታ ይዤልሽ ነበር እኮ።»

«እንቅልፋሙ፦ ያለሷ ሒሳቡ አይገባኝም። ጠብቋት።»

አዲሷ እሷ ናት። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከተዛወረች መንፈቅ ቢያልፍም ክፍሉ እስካሁን የሚጠራት በዚሁ ነው። ቀይ ሹራብና እንቅልፋሙ ግን የትም የሉም። ተማሪዎች የቤት ሥራ ጥያቄ የሚለዋወጡበትን ይህን ገጽ ስትሠራ ለሙከራ የፈጠረቻቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሀ ሀ ሀ» እያለ ጽፎ ይሞክረው ነበር። እሷ ሥራ ስትሠራ መጠንቀቅ ስለምትወድ ለእያንዳንዱ ስም ጠባይ ሰጠችው። ቀይ ሹራብ ቀልደኛ ናት፤ እንቅልፋሙ ሁሌም ያረፍዳል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግቢው ሲንጫጫ፣ እርስ በርስ እንዲያወሩ አደረገቻቸው። እየቆዩ እሷንም ይጠይቋት ጀመር።

ስህተቱ የአንድ መስመር ነው። በትምህርት ቤቱ ሰርቨር ላይ የተጻፈው ሁሉ የሚከማችባቸው ሁለት ዳታቤዞች አሉ፤ አንዱ የሙከራ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ እውነተኞቹን ተማሪዎች የሚጠብቅ። ፕሮግራሙ ከየትኛው እንደሚያነብ የሚነግረው ማስተካከያ ፋይሉ ላይ ያለ አንድ ስም ነው። ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ስትጭነው ያንን ስም መለወጥ ነበረባት። ገጹ ሲከፈትላት ደስ ብሏት አድራሻውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈች። ስሙን አላየችውም፤ እንዳለ የሙከራው ነበር።

«ቀይ ሹራብ ደግሞ ማናት?» አለ አንዱ።

«አይ አንተ! ራሷ ናታ የምትጽፈው። ከራሷ ጋር ቻት!»

ክፍሉ አውካካ።

«ዝም በሉ!» መምህሩ ዞሩ። «ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

«የሙከራ ዳታ ነው፣ ቲቸር።»

«በይ ምሳ ሰዓት ላይ አጥፊና በንጹሑ ጫኚው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒውተር ክፍል ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ቁመቱ ረዝሞ ስለቀጠነ ኬብል የሚሉት የክፍሏ ልጅ በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ስሚ፣ ተጠለፈ በያቸው። የሌላ ክፍል ልጆች ገብተው ሙድ ያዙብኝ በይ። እኔም እመሰክርልሻለሁ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸትማ ነው። ከሼም ግን ያድናል። ካጠፋሽው በኋላ ማን ያጣራል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያጣራም። «እስኪ ላስብበት» አለችው።

«አስቢበት። እኔ ልብላ፣ ሆዴ እየጮኸ ነው።» ነይ ሳይላት ሄደ።

ፕሮግራሙን አቆመች። የሙከራውን ዳታቤዝ ከማጥፋቷ በፊት ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። መጨረሻው ላይ ከጠዋት ጀምሮ እውነተኞቹ ተማሪዎች የጻፉት ተደርድሯል። «ቀይ ሹራብ፣ አግቢኝ።» «እንቅልፋሙ፣ ተነስ ነግቷል።» ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ «ሦስተኛ ፎቅ» በሚል ስም የተጻፈ አገኘች።

«ቀይ ሹራብ፣ እውነት ሰው ከሆንሽ ለእኔም ቦታ ያዢልኝ። እኔ የምበላው እላይ ደረጃው ላይ ነው፣ ብቻዬን።»

ደጋግማ አነበበችው። ይህ ልጅ ማን እንደሆነ አታውቅም። ተጠለፈ ካለች፣ ይህ ልጅ ከሙድ ያዦች ጋር ሲማከር እንደዋለ ያስባል። መልእክቱን ወደ አዲሱ ገጽ ካሻገረችው ደግሞ ነገ የሚሳቅበት እሱ ይሆናል።

ሁሉንም አጠፋች፤ ቀይ ሹራብንም፣ እንቅልፋሙንም፣ የልጁንም መልእክት። ማስተካከያ ፋይሉን ከፍታ የዳታቤዙን ስም ለወጠች፤ ፊደል በፊደል አነበበችው። ከዚያ ጭና አስነሳችው። ገጹ ባዶውን ተከፈተ።

ከዚያ በእውነተኛ ስሟ ገብታ ጻፈች፦

«አልተጠለፈም። ቀይ ሹራብንም እንቅልፋሙንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የሚያወራኝ ስላልነበረ ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። ትንሽ ቆይታ መልሳ ጻፈችውና ላከችው።

ምሳዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ኬብል እጁን እየጠራረገ ይመጣል።

«እሺ፣ ተጠለፈ አልሽ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ግባና አንብበው።»

ወደ ግቢው የሚወርደውን ደረጃ ትታ ወደ ላይ ወጣች።