የመሰላሉ ወረቀቶች

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ሲገኙ፣ ሁሉም «መጽሐፍ ሊያወርዱ ወጥተው ወደቁ» አለ። መርማሪው ግን የሰው ወሬ ቶሎ የማይዋጥለት ጉሮሮ ጠባብ ነው። ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነበር።

«እሷን ያዙልኝ!» አሉ ሚስትየዋ፣ ጣታቸውን ታዛቢዋ ላይ ቀስረው። «ጥግ ተጎልታ ባሌ ላይ ስታደባ የከረመች እሷ ናት!»

የታዛቢዋ እንጀራ ማየት ነው። ምሁራን እንዴት እንደሚሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አይታ፣ ለእነሱ ሶፍትዌር ለሚሠራው ድርጅት ትነግራለች።

«ያየሽውን ንገሪኝ፣ ልጄ» አላት መርማሪው።

«መሰላሉን ወጥተውበት አያውቁም። የሚከራከሯቸውን ሰዎች ጽሑፍ በየእርከኑ ይደረድሩበታል፤ ክፉኛ ያናደዳቸው ከላይ።»

መሰላሉ ባዶ ነው። ወረቀቶቹ መደርደሪያው ላይ በታተሙበት ዓመት ተራ ተሰድረዋል።

«እኔ የለሁበትም» አለ ከድርጅቱ የተጠራው ሶፍትዌር ሠሪ፣ ሳይጠየቅ። «ከዛሬ በፊት የምሁር ቢሮ ረግጬ አላውቅም። የሚፈልጉትን ከወንበሬ ሆኜ አውቀዋለሁ።»

«ታድለሃል» አለው መርማሪው።

ታዛቢዋ ጠጋ አለች። «አፉን አይስሙት። እኔ የማምነው የሰው እጅ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰባቸው። ወረቀቶቹን ታቅፎ ሲገባ ምንጣፉ አደናቀፈውና በተናቸው።

«ወይ እርጅና! እባካችሁ አግዙኝ።»

ሚስትየዋ እያጉረመረሙ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እንደ ሳህን ደራረቡ። ታዛቢዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ የሚያዩትን መንካት በሥራዋ ነውር ነው። ሶፍትዌር ሠሪው እያወራ፣ የእያንዳንዱን ግርጌ አየት እያደረገ ሰደረ።

«በዓመት ተራ» አለ መርማሪው።

እጁ ቀጥ አለ።

«ወድቀው ቢሆን ወረቀቱ ይበተን ነበር። ገዳዩ ግን ወጥተው የወደቁ ለማስመሰል ከመሰላሉ አንስቶ ሰደረው፤ መሰላል ለመውጫ ብቻ መስሎት። እትዬ ቢሆኑ በመጠን ይደራርቡት ነበር። እሷ አትነካም፤ ብትነካም መሰላሉን ባዶ አታደርገውም፣ ታውቃለቻ! የአንተ ፕሮግራም ጽሑፍ የሚሰድረው በምንድን ነው?»

«በዓመት» አለች ታዛቢዋ። «ፕሮፌሰሩም የሳቁበት ለዚህ ነው፤ ‹የእኔ ጠብ ዓመት አይቆጥርም› ብለው።»

«በስብሰባ መሀል!» ጮኸ ሰውየው። «የዕድሜዬን ሥራ መሳቂያ አደረገው! ዛሬም ባገኘው አልምረውም!»

ሚስትየዋ እንባቸው ዱብ አለ። «ልጄ፣ ማሪኝ።»

ታዛቢዋ አልሰማቻቸውም። ካቴና ወደገባለት ሰው ተጠጋች።

«ፍርድ ቤት እመጣለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «እስር ቤትም፣ በጥየቃ ቀን። ምንም አልናገርህም። ጥግ ይዤ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»