ባዶዋን ቫን የለካች ልጅ

«ይገባል፤ እንዲያውም ሦስት ጣት ይተርፋል» አለች ልጅቷ፣ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ እያራገፈች።

በእጇ የያዘችው ክብ ካርቶን ነበር። አባቷ ሊገዛው ባሰበው ትልቅ ጎማ ልክ ራሷ ቆርጣዋለች። ካርቶኑን ከፊት ጎማው እምብርት ጋር አስተካክላ ይዛ፣ አባቷ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዙሮላታል። ካርቶኑ ከጎማው በላይ ያለውን የብረት ፓራፋንጎ አልነካም።

ቫኗ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ከባድ መኪና ናት። አባቷ አሥራ አራት ሠራተኞችን ተራራው ላይ ወዳለው የድንጋይ ካባ ያመላልስባታል። ጎማዎቿ አነስ ስለሚሉ ሆዷ መንገዱን እየላሰ ነው የምትወጣው። ሌሎች ሾፌሮች «ዔሊዋ መጣች» እያሉ ያበሽቁታል። ጎማ የሚገጥምለት ጎሚስታ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ከነቸርኬያቸው አሳይቶታል፤ የአባቷ ልብ ግን ትልቁ ላይ ነው። ልጁ «ይገባል» ካለችው ወዲያ ማን ይቻለው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ አሳፈራት። ሠራተኞቹን እንደጫነ በቀጥታ ጎሚስታው ደጃፍ አቆመ። አራት ትልልቅ ጎማዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። አባቷ ደረቱን ነፍቶ፣ የለካችው ልጁ መሆኗን ለሁሉም አወራ። ሠራተኞቹም «ኢንጂነር» እያሉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እሷም ደስ ብሏት ሳቀች።

ከዚያ ሠራተኞቹ አካፋና መዶሻቸውን ይዘው አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። በወረዱ ቁጥር ቫኗ ከፍ፣ ከፍ አለች። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የነበረው ክፍተት ዓይኗ እያየ ሰፋ። የልጅቷ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። ትናንት የለካችው ባዶዋን ቫን ነው። አሥራ አራት ሰው ከነመሣሪያው ሲጫንስ? ቁልቁለቱ ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ብረት እያከከ ቢቀደድስ?

ጎሚስታው ክሪኩን ከቫኗ ሥር አስገባ። አንዴ የተገጠመ ጎማ መልሶ እንደማይቀበል አስቀድሞ ተናግሯል። ዝም ብትል፣ ዛሬ ማንም አያውቅባትም።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የለካሁት ባዶዋን ነው።»

ጎሚስታው ክሪኩን ለቀቀና ቀና አለ። «ታዲያ ኢንጂነር፣ አባትሽ ብቻውን ድንጋይ ሊፈልጥ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። አባቷ አልሳቀም። ጎማዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠጋ አላት።

«እሺ፤ የትኛው ይሁን?»

«መካከለኛው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ሳልለካ አልነግርህም።» ወደ ሠራተኞቹ አለቃ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሁላችሁም ተመልሳችሁ ግቡልኝ። መሣሪያውም አይቅር።»

አለቃው እንደ ማጉረምረም አለ፤ ሆኖም መዶሻውን አንስቶ ቀድሞ ተሳፈረ። ሌሎቹ ተከተሉት። ልጅቷ የተረፈውን ክፍተት በጣቷ ልትለካ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አባቷም መሪውን ይዞ፣ «አዙር» እስክትለው ድረስ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጠበቃት።