መሪዋን የያዘው እጅ

ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ፤ አፋችሁን አልይዝም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። እጄም መሪው ላይ ነበር።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአባቴ ጋራዥ ውስጥ...

አባቴ መካኒክ ነበር። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ መኪና ነበረችው። ቆማ ሳለች መሪዋ ለጎረምሳም አይዞርም።

ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነው የሚያቆማት። ከኋላዋ ምሰሶ አለ። መሪዋን እዚያው ቆማ ሳለች ካልጠመዘዙት በሩ ጋ አትደርስም።

"አባባ፣ ልንዳት" ባልኩት ቁጥር ጓደኞቹ ፊት ይስቅብኛል።

"ማንም ሳይገፋልሽ ከዚህ በር ካወጣሻት ያንቺ ናት። መሪ ጉልበት ይፈልጋል፣ ልጄ። በምላስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አገር ባቋረጥሽ።"

ሳቁን ውጬ ሙያውን ከቪዲዮና ከወዳደቀ ዕቃ ተማርኩ። እሱ አንድ ቀን አላሳየኝም።

ከዚያ ሞተ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ደላላው፣ እንባችን ሳይደርቅ ገዢ አመጣ። የአባባን ቃል አነሳሁበት። ጎረቤታችን በያጁ በጆሮው ሰምቷልና መካድ አልቻለም።

"እሺ፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታወጪያታለሽ" አለኝ። "ካቃተሽ እሸጣታለሁ። ኋላ ደግሞ አልቃሻ እንዳትሆኚብኝ።"

እኔ ከተጋጨች ትንሽ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፓወር ስቲሪንግ፣ መሪ የሚያቀልል ትንሽ ሞተር፣ ፈትቼ አስቀምጬ ነበር። የመሪዋን ዘንግ ቆርጬ ሞተሩን መሃል አስገባሁ። በያጁ በየደልኝ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ሞተሩ በራሱ አያዞርም። እጅ መሪውን ሲጠመዝዝ ዘንጉ ላይ ያለው ሴንሰር ይሰማዋል... ሞተሩም ያንን እጅ ያግዛል። እጅ ከሌለ እገዛ የለም።

ባትሪውን አገናኘሁ።

መሪው ዞረ።

ቀስ ብሎ... ወደ ግራ... እጄ ጭኔ ላይ ነበር።

አልደነገጥኩም። ሴንሰሩ መሃሉን ከሳተ እንዲህ ያደርጋል። ነቀልኩ፣ አስተካከልኩ፣ መልሼ አገናኘሁ።

ጸጥ አለ።

"አየህ፣ አባባ" አልኩ ለባዶው ጋራዥ። "ምላስ ብቻ አይደለም።"

መሪው ወደ ቀኝ ዞረ... መለስ አለ... ከዚያ ጠበቅ።

አባቴ መኪናዋን ከማስነሳቱ በፊት እንዲህ ነበር የሚፈትሻት። ቀኝ... መለስ... ጠበቅ።

መሪውን ያዝኩት። አዲሱን ቆዳ ራሴ ነኝ ሰፍቼ ያለበስኩት። ሁለት ቦታ ላይ ሞቋል... ዝቅ ብሎ፣ አባቴ ይይዝበት የነበረው ጋ። የቀረው ቀዝቃዛ ነው።

የሞተሩን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ያኔ ወንድሜ በሩን በረገደው። በያጁ ከኋላው ነበር።

"ሞተር አስገባሽባት?"

"አባባ የከለከለው ገፊ ነው። ሞተር አላለም።"

"ከዚች አፍ ማን ያመልጣል" አለ በያጁ።

ፊውዙ ኪሴ ውስጥ እንዳለ አልነገርኳቸውም። በገዛ ክንዴ አወጣታለሁ ብዬ አስነሳኋት።

መሪው አልንቀሳቀስ አለ። ጥርሴን ነክሼ ታገልኩ። ወንድሜ ፈገግ ማለት ጀመረ...

ከዚያ መሪው ቅቤ ሆነ።

መዳፌ ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱ ዞረ። መኪናዋ ምሰሶውን አልፋ፣ በሩን ሳትነካ፣ ወደ ኋላ ወጥታ መንገድ ላይ ቆመች።

በያጁ አጨበጨበ። ወንድሜ ግን ወደ መስኮቱ መጥቶ ጎንበስ አለ።

"ውሰጂያት" አለ በሹክሹክታ።

"ምነው፣ ጨክነህ ለቀቅካት?"

"ያወጣሻት አንቺ አይደለሽም።"

ዓይኑ እጄ ላይ አልነበረም... መሪው ላይ፣ ከእጄ ዝቅ ብሎ ነበር።

መኪናዋ የኔ ሆነች። በሕይወቱ አንዲት ብሎን ያላቀበለኝ ሰው ሞቶ ድሌን ወሰደብኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ፍርሃቱስ ይለመዳል።

ሞተሩን ፈትቼ ጣልኩት። ዘንጉን እንደ ድሮው አስበየድኩት። ባትሪውንም አውጥቼ ቤት አስገባሁት።

ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ከቆመችበት የፊት ጎማዎቿ ወደ በሩ ዞረው አገኘኋቸው። ትናንት ቀጥ አድርጌ ነው የተውኳቸው።

ላቃናቸው ገብቼ መሪውን በሁለት እጄ ሳብኩ። ንቅንቅ አልል አለ።

"አባባ... ልቀቀው" አልኩ ቀስ ብዬ።

በአንዲት ጣቴ ዞረ።