የሰኞ ስልክ

በሩ ፊታቸው ላይ ድርግም ሲል ቀጮ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ደግሞ አሁን ምን አልኩት?»

ሳቂታ መልስ መስጠት አልቻለችም። ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ሆዷን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣ «‹አጭር ሽንኩርት ልንነግርዎ መጥተናል› ነው ያልሽው!» አለች።

በዚያ አገር ቋንቋ «መልእክት» እና «ሽንኩርት» የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ብቻ ነው። ያቺ ድምፅ ደግሞ ለቀጮ ምላስ አልታዘዝ ብላለች።

ሁለቱም ወንጌል ሊያገለግሉ ከየአገራቸው የመጡ ወጣት ሚስዮናውያን ናቸው። ቀጮ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሳቂታ በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። አገራቸውም ቋንቋቸውም ስለሚለያይ፣ የሚግባቡት በዚያው ሁለቱም በሚኮላተፉበት በሰው አገር ቋንቋ ነው። በር በተዘጋባቸው ቁጥር ስለምትስቅ «ሳቂታ» ያለቻት ቀጮ ናት። ሳቂታ ደግሞ የቀጮ እናት በስልክ «ቀጮዬ» ስትል ሰምታ ስሙን እንዳለ ወሰደችው።

ቀጮ ከመምጣቷ በፊት አገልግሎት ማለት ብዙ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ይመስላት ነበር። ደረጃ ሆኖ አገኘችው። ጠዋት ያነባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ቋንቋ ያጠናሉ። ከዚያ ፎቅ መውጣትና መውረድ ነው። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ ቤት የሌለ ያስመስላል። አልፎ አልፎ አንዷ አዝና ቀዝቃዛ ውሃ ትሰጣቸዋለች፤ ያን ቀን ስለ እሷ ሲያወሩ ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ የጋበዟቸውን ያስተምራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የጸሎት አዳራሹን ያጸዳሉ። ማታ አንድ ሳፋ ውስጥ አራት እግር ይነከራል።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። የማትችለው የአባቷን ዝምታ ነበር።

አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላው ያለው ወንበር የእሷ ነበር፤ ቆሎ እየቆረጠመች መንገድ ስትቆጥር ትውላለች። ለአገልግሎት ልሄድ ነው ያለችው ቀን ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ።

«ውጤትሽ እንዲህ አምሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ‹ነይ› እያለሽ፣ አንቺ የሰው አገር በር ልታንኳኪ?»

«ተመልሼ እማራለሁ፣ አባዬ።»

«ከሄድሽ፣ አባት አለኝ ብለሽ እንዳትደውዪልኝ።»

ሄደች። የሰፈሩን ሙሽራና በሽተኛ ሁሉ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጁን አውሮፕላን ማረፊያ አላደረሳትም። ታክሲው ውስጥ ሆና አንገቷ እስኪያማት ወደ ኋላ ስታይ ነበር፤ አንድም አውቶቡስ አልተከተላትም።

ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነው። ልብሳቸውን ያጥቡና ጣሪያው ላይ ያሰጣሉ፣ ኔትወርክ ደህና የሚሠራው እዚያ ስለሆነ ቤተሰባቸውንም ከዚያው ያናግራሉ። የሽንኩርቱ ነገር በሆነ ማግስት ሰኞ ነበር። ቀጮ እርጥብ አንሶላ መሃል ቆማ ለእናቷና ለታናሽ ወንድሟ ታሪኩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እናቷ በሳቅ ፈነዳች። ወንድሟም ይስቃል። ከመሃላቸው ሌላ እንግዳ ድምፅ ሰማች፤ ጉሮሮ ውስጥ የተያዘ፣ ሳልም ሳቅም ያልሆነ። ወንድሟ ምግብ አንቆት ነው ብላ አለፈችው።

«አባዬስ?»

የእናቷ ሳቅ ተቋረጠ። «መንገድ ላይ ነው።»

ባለፈው ሰኞ «ጎማ ሊያስቀይር ሄዷል» ብላት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ «ገና አሁን ጋደም አለ»። ቀጮ ውስጧ ሲጠራቀም የቆየው ሁሉ ወጣ።

«ኧረ በቃ፣ እማዬ! እኔ ሕፃን ነኝ? ሊያናግረኝ አይፈልግም አትዪኝም? እንግዲያው ንገሪው። እሱ አባቴ መሆን ከተወ፣ እኔም ልጁ መሆኔን ትቻለሁ። ድምፁንም መስማት አልፈልግም። ልክ እንደዚህ ብለሽ ንገሪው፣ ሳታሳጥሪ።»

 ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሳቂታ ቋንቋው ባይገባትም ድምፁ ገብቷታል። አንሶላውን ከእጇ ተቀብላ ራሷ አሰጣችላት።

ያን ሳምንት ቀጮ ቀለል ብሏት ከረመች። ቢያንስ ለራሷ እንዲህ ትል ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄዱ። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ከእነሱ ጋር የምትማር፣ አፏ ላይ የመጣውን የማትመልስ ሴት ናት። የዕለቱ ትምህርት ስለ ይቅርታ ነበር፤ ተራው የቀጮ ስለነበር አስተማረች። ሴትየዋ ማበጠሪያዎቿን እያጠበች ስታዳምጥ ቆይታ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«ስለ ሰማዩ አባት ጥሩ ታወሪያለሽ። የምድሩስ? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ደህና ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ ከቤት ሳይደወል ቀረ። ቀጮ ጠበቀች፣ ካልሲዎቹን አሰጣች፣ እንደገና ጠበቀች። በመጨረሻ እሷው ደወለች። ወንድሟ አነሳው።

«እማዬስ?»

«ፋርማሲ ሄዳለች። መድኃኒት አልቆ...» አለና ዋጠው።

«የማን መድኃኒት?»

«የ... የራሷ። ራሷን ስለሚያማት።»

«አትዋሽ። አንተ ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል።»

«አቦ ተዪኝ በናትሽ! እኔ ምን ላድርግ? እሷ አትንገራት ትላለች፣ አንቺ ደግሞ...» ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማልቀስ ያሳፍረዋል። አሁን ግን አለቀሰ። «አባዬ ታሞ ነው። ስትሮክ ነው ያሉት። ከቆየ እኮ! አንቺ የሄድሽ ሰሞን ነው። መሪ ላይ እያለ ጀመረው። ዳር ይዞ፣ አቁሞ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ከወረደ በኋላ ነው የወደቀው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። አያወራም።»

«አያወራም ማለት?»

«አያወራም ማለት አያወራማ! ይሰማል። ሁሉንም ይሰማል፣ ይገባዋል። ቃል ነው የማይወጣው።»

ቀጮ ጣሪያው ላይ ቁጭ አለች። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር።

«ሰኞ ሰኞ... እኔ ስደውል የት ነው የሚሆነው?»

«አጠገባችን ነዋ። እማዬ ስልኩን ላውድ ላይ ታደርገዋለች። ሌላ ቀን ጢምህን ልላጭህ ስለው እምቢ ይላል፤ ሰኞ ብቻ ነው አገጩን ቀና የሚያደርግልኝ። ያኔ ሽንኩርቱን ስትነግሪን ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ! ከታመመ ጀምሮ ድምፅ ሲያወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እማዬ በደስታ እጁን ይዛ ነበር። ከዚያ አንቺ...»

አልጨረሰውም።

«ከዚያስ?» አለች፤ ባይነግራት ትመርጥ ነበር።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዛሬ ሊላጭ አልፈለገም። እኔም ሳሙናውን መለስኩት።»

ሳቂታ ባልዲዋን አስቀምጣ መጣች። «ምን ሆንሽ?» ስትላት ቀጮ የምትመልስበት ቋንቋ ጠፋት፤ የራሷም የሰው አገሩም። አፏ ይከፈታል፣ ቃል የለም። ሳቂታ ጠጋ ብላ አቀፈቻት እንጂ ድጋሚ አልጠየቀችም።

ቀጮ ቆይታ፣ «አሳየኝ» አለችው ወንድሟን። «ካሜራውን ወደ እሱ አዙረው።»

ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ኮሪደሩ፣ በሩ፣ ከዚያ አልጋው። አባቷ በጎኑ ተኝቷል። የሚታየው ጀርባው ነበር፣ ከአንገቱ በላይ ደግሞ ስትሄድ ያልነበረ ሽበት። እነዚያ መሪ የሚያዞሩ ሰፋፊ ትከሻዎች ብርድ ልብሱ ሥር የሌላ ሰው መስለዋል።

«አባዬ።»

አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። አላወቅኩም። እማዬ... ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን ያልኩትን...» ‹አላልኩትም› ልትል ነበር። ግን ብላዋለች፤ እሱም ሰምቷል። ሳታሳጥሪ ንገሪው እንዳለችው፣ አንድም ቃል ሳይጎድልበት ነው የደረሰው። «ተናድጄ ነው ያልኩት። አኩርፈኸኝ መስሎኝ። ድምፅህን ስፈልግ ነበር እኮ፤ በየሰኞው እሱን ስፈልግ ነበር።»

ጀርባው ከፍ ዝቅ አለ። ወንድሟ ስልኩን እንደያዘ አፍንጫውን ሲስብ ይሰማታል።

«ልምጣ? ንገረኝ። ልምጣ ወይስ ልቆይ?»

 ግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብላ ወጣች። ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ መዳፉን ዘርግቶ ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ጊዜ ወዘወዛት።

ቀጮ ምልክቱን ታውቀዋለች። ዳገት ላይ ከኋላው ሌላ መኪና ሲከተለው፣ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንዲህ ያደርግ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ ማለት ነው።

«አየሽው?» አለ ወንድሟ። «አየሽው? እለፊ ነው ያለሽ!»

እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀች። ፊቱን ግን አላዞረም። «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ለመነችው፣ ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ። አላዞረም።

ከሰዓት በኋላ የሁለቱ አገልግሎት ኃላፊ የሆኑት አስተባባሪ ቢሯቸው ውስጥ አነጋገሯት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲያዳምጡ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። እስክትጨርስ አንዴም አላቋረጧት።

«ሂጂም ቆዪም አልልሽም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በሁለቱም መንገድ የሚወቅስሽ አይጠፋም። አንቺ ብቻ በንዴት እንዳትወስኚ።»

እንደምትወቀስ ታውቃለች። ሲሸኟት ምዕመናኑ እየዘመሩ ነበር። ሳትጨርስ ብትመለስ ከበር እስከ በር ወሬው ይሄዳል፤ አልቻለችም፣ ናፍቋት ነው፣ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲውን የተወችው? ደግሞም ይህን ሥራ መልመድ ጀምራ ነበር። ፀጉር ሠሪዋን አስተምራ መጨረስ ትፈልግ ነበር። ያቺን የማትታዘዝ ድምፅ እንኳ አንድ ቀን አስተካክላ ማለት ትፈልግ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ግማሽ ላይ ሳቂታ ቆመች። 

«በእጁ እለፊ ብሎሻል አይደል?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ፈቅዶልሻል ማለት ነው። መቆየት ትችያለሽ።»

«እለፊ የሚባለው ከኋላ ያለ መኪና ነው» አለች ቀጮ። «እኔ ሁልጊዜም የእሱ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።»

ሳቂታ ቀስ ብላ ክንዷን ያዘቻት። ነገሩ በተሰባበረ ቋንቋ ነው የተነገራት፤ ግን ሁለተኛ አልጠየቀችም። የቀረውን የመንገድ ግማሽ እያለቀሰች ነው የሄደችው፣ ሳቂታ።

እናቷ የደወለችው ሊመሽ ሲል ነው። ወንድሟን ስትቆጣ ውላ ድምፅዋ ሰልሏል።

«ቀጮዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትረበሻለች ብዬ ነው። አንቺ ላይ ቂም የለውም፣ ሙች። አየሽው አይደል፣ እለፊ ነው ያለሽ። የጀመርሽውን ጨርሺ። እዚህ ብትመጪ ምን ታደርጊለታለሽ? ሐኪም አይደለሽ።»

«እማዬ፣ ፍራሼ አለ?»

«ምን?»

«የምተኛበት ፍራሽ። አልሰጣችሁትም?»

 «አለ። ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።»

«አውርጂልኝና አባዬ ክፍል አንጥፊልኝ። አልጋውን ትንሽ ወደ በሩ ሳቡት፤ በግድግዳው በኩል አንጥፊልኝ።»

«ልጄ፣ እዚያ እኮ ጠባብ ነው። ቦታ አለ ይባላል?»

ቀጮ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች።

«ይበቃኛል» አለች።