ሁለት ሰው የማትወድ መኪና

መካኒኳ በዕድሜዋ ስንትና ስንት ነገር አበላሽታ አስተካክላለች፤ እንደዚያች ማክሰኞ ግን ምላሷን ቆርጣ መጣል ያማራት ቀን የለም። ልብስ ሰፊውን ፊት ለፊት «መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የምትፈራው አንተ ነህ» አለችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ! ልመልሰው ብትል ማን ሰጥቷት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው ከደረሰበት አደጋ ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት የሚያመላልሰው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው ሲመቸው ይመጣል፤ ሳይመቸው ሲቀር ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ በር በሩን ሲያይ ይመሻል። ይህ ሲሰለቸው አንዲት አሮጌ መኪና ገዛና መካኒኳ ከአባቷ ጋር ወደምትሠራበት ጋራዥ አስጎትቶ ወሰዳት።

«በእግር የሚረገጠውን ሁሉ ወደ እጄ አምጡልኝ» አለ።

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ግን እርሳስና ወረቀት አነሳች።

ሁለት ወር ሙሉ አብረው ለፉ። እሷ ብረት ትቆርጣለች፣ እሱ ይለካል፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ነውና ቅንጣት አታመልጠውም። ነዳጁና ፍሬኑ መሪው ሥር ባለች አንዲት ዘንግ ሆኑ። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩ በሚስበው አየር ኃይል የሚረግጥ መሣሪያ ሠራችለት።

«ይሄን ከየት ተማርሽው?»

«ከችግር።»

ይሳሳቃሉ። እነሱ ሲስቁ አባትየው ከወዲያ ማዶ ያስላል። አንዳንዴ ደግሞ አይስቁም። እሷ መፍቻ እንዲያቀብላት እጇን ትዘረጋለች፤ እሱ መፍቻውን ሰጥቶ አይለቀውም፤ እሷም አትስበውም። እንዲያ ያለው ዝምታ ከወሬ ይብሳል።

እንዲህ የተለወጠች መኪና መንገድ እንድትወጣ ፈቃድ ያስፈልጋታል። መርማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ልብስ ሰፊው ሲነዳ ማየት አለበት። በመጀመሪያው ፈተና መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲቆሙ ሞተሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለና ጸጥ! ጠፋ። በሁለተኛውም ያው።

«ሦስተኛው የመጨረሻህ ነው» አለው መርማሪው። «ዓርብ ና። ካለፍክ ፈቃድህን ትወስዳለህ፤ ካላለፍክ የተገጠመው ሁሉ ይፈታል።»

መኪና ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የሚይዘውን ቀስ ያለ ዙር መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። የዚህች መኪና ሚኒሞ ታዲያ ጋራዥ ውስጥ እንከን የለውም። ልብስ ሰፊው መሪው ላይ ይቀመጣል፣ መካኒኳ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ትላለች፤ ሞተሩ ዝንፍ አይልም። ካንዴላ ቀየረች፣ ሚኒሞውን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች። ወደ ፈተናው ቦታ ብቻዋን እየነዳች ስትወስዳትም መኪናዋ እንደ በግ ነው የተነዳችላት። ሁሉ ነገር ሲያቅታት ነው ያቺን ክፉ ቃል የተናገረችው።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያት።

«አንቺም?» አለ። ወንድሙን ጠርቶ ሄደ።

ረቡዕ አልመጣም። መካኒኳ እህል አልወርድላት አለ። አባቷ አይቶ አይቶ አላስችል አለው።

«አንቺ ልጅ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማሽም? መኪናዋ መቼ እንደሚያማት ትጠይቂያለሽ እንጂ ባለቤቷን ትሰድቢያለሽ?»

«ተናድጄ ነው አባባ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሂጂና ልቀሚ!»

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ነድታ ሱቁ በር ላይ አቆመች። ልብስ ሰፊው የስፌት ማሽኑን መርገጫ በክርኑ እንዲሠራ አድርጎ ለውጦታል፤ በክርኑ እየተጫነ ይሰፋ ነበር። ቀና አላለም።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ለምን? እውነትሽን እኮ ነው፤ እፈራለሁ።»

«ከፈተናው መውደቅን?»

«ሲወድቁ የሚቀር ነገር አለ» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ምን እንደሚቀር ግን አልነገራትም። ጆሮዎቹ ብቻ ቀሉ።

«በል ተነስ፤ አስነሳትና ልያችሁ» አለችው።

ራሱን በክንዶቹ አንስቶ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ መኪናዋ ገባ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሚኒሞው እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ ያዘ። መካኒኳ ወደ ኮፈኑ ልትሄድ ስትል ልቧ እንቢ አላት። ዞራ በሩን ከፈተችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ሁለት ወር ሲለፉ አንድም ቀን እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

ሞተሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ልብስ ሰፊው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «ኧረ በፈጠረሽ፣ አልነካሁም! አልፈራሁም!»

«ዝም በል እስቲ!»

ወረደች። ሞተሩ ተረጋጋ። ተቀመጠች። ተንቀጠቀጠ። ወረደች። ተረጋጋ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። እሷ እቴ! ሆዷን ይዛ ትስቅ ጀመር።

«ይቺ መኪና ሁለት ሰው አትወድም! መርማሪው በተቀመጠ ቁጥር ነው የሚያማት!»

ተንበርክካ ወንበሩን ከሥር አየች። የፍሪሲዮኑ መሣሪያ የሚሳብበት የአየር ቱቦ፣ ራሷ በገዛ እጇ ያሳለፈችው ቱቦ፣ በተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው ያለው። ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ቱቦውን አንገቱ ላይ ይጫነዋል፤ እዚያው ላይ ያለ ስንጥቅ አፉን ይከፍትና ሞተሩ ያላሰበው አየር ይገባበታል። ሰው ሲነሳ ይገጥማል።

ሳቋ ድንገት ወደ ለቅሶ ዞረ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ አንተን ፈሪ አልኩህ! ከማንም በላይ የምወድህን ሰው!»

አለችው። ካለችው በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ልብስ ሰፊው ሞተሩን አጠፋ።

«ዓርብ ይለፍ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ መልስ እሰጥሻለሁ።»

ከሰዓት አዲስ ቱቦ በበሩ ጥግ በኩል አሳልፋ በብረት አሰረችው። አባቷ ከሲታ ሰው አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ እንደ ሕፃን ዘለለበት። ሚኒሞው ቅንጣት አልተነቃነቀም።

«እኔን ከቻለች መርማሪውን ምን አላት!» አለ ላቡን እየጠረገ።

ዓርብ አባትና ልጅ መስቀለኛው ማዶ ቆሙ። መብራቱ ቀይ ሆነ። መኪናዋ ቆመች። መርማሪው ጎኑ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። መካኒኳ የአባቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ መኪናዋ እልል እንደተባለላት ሙሽራ እየተንቆጠቆጠች አለፈች።

«አለፈች! አባባ፣ አለፈች!»

«ክንዴን ልቀቂኝ እንጂ!»

መኪናዋ ዳር ይዛ ስትቆም መርማሪው ወረቀቱን ፈርሞ ወረደ። መካኒኳ እየሮጠች መንገዱን ስትሻገር ልብስ ሰፊው ጡሩንባውን ነፍቶላት... ሄደ! ጥሏት ሄደ። ቆማ ቀረች።

«ይሄ ነው መልሱ?» አለች አንገቷን ደፍታ።

አባቷ ክንዷን ያዘ። ወደ ቤታቸው በእግራቸው ተመለሱ። በራቸው ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ቆማለች፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ልብስ ሰፊው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። እጁ መሪው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማንም አላመጣኝም። ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለ። «ወንድሜ ተሸክሞ ባደረሰኝ ደጅ ላይ ልጅዎን አልጠይቅም ብዬ ምዬ ነበር። ብወድቅ የሚቀርብኝ እሷ ነበረች። ይኸው መጣሁ። ልጅዎን ይስጡኝ።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ምን ትለኛለህ? መልሱ የሷ ነው» አለና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር።

መካኒኳ መስኮቱ ላይ ተደገፈች።

«ለመርማሪው ሦስት ጊዜ ተፈትነህ፣ ለኔ አንዴ ብቻ?»

«ስንቴ ልፈተን?» አለ።

መሪው ላይ ያለውን እጁን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«አንዴ ይበቃል» አለችው። «አልፈሃል።»