ጋሼ ዳንከን «አቤት» ያሉ ዕለት

ያን ዕለት ኦሃዮ፣ ሬይኖልድስበርግ፣ እህቴ ቤት ጓሮ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ እህቴ ሰብለ፣ ባሏ ተሾመ፣ ጎረቤታቸው ጋሼ ዳንከን፣ እና እኔ። አምስተኛ ሰው አልነበረም፣ ይህን ያዙልኝ። እኔ የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ከኢንተርኔት እያየሁ ራሴን ያስተማርኩ ስለሆንኩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የላላ ሽቦ እንጂ ሌላ ነገር ታይቶኝ አያውቅም።

ጋሼ ዳንከን ነጭ አሜሪካዊ ናቸው፣ ሚስታቸው በኮቪድ ከሞቱ ጀምሮ እራት የሚበሉት እህቴ ቤት ነው። ሰብለ በዚያው ሰሞን የአባታችንን ቀብር በስልክ ነው ያየችው፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን እንደ አባት ይዛቸዋለች። ሲጠሩ «ዋት?» ማለታቸው ተሾመን ስለሚቀፈው «አቤት» ማለትን አስተማራቸው፣ እመኑኝ፣ ከብዙዎቻችን ልጆች አሳምረው ይሉታል።

በፈረንጆቹ 2022 በጋ መንገዱ ሲከፈት፣ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን አገር ስኮትላንድን ለማየት ተነሱ። የዚያን ቀን እራት የሽኝት ነበር፣ በረራቸው በማግስቱ ነው፣ ሰብለ ደግሞ «ቅጠል ሳይረግፍ እመለሳለሁ ይበሉኝ፣ ያ የሚያምዎ ልብ እንደሆነ አይታመንም» እያለች አስምላቸዋለች።

ተሾመ ጎጃሜ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም። «ጋሼ፣ እስቲ ሰባት ቤት ይቁጠሩ! ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው እኛ አገር ሚስት አያገኝም።»

ሳቁና ከራሳቸው ጀምረው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ቆጠሩ፣ ሰባተኛው ላይ ቆሙ። «በመርከብ የመጣው እሱ ነው» አሉ፣ «ልጅ ነበር፣ እናቱ እዚያው ቀረች። ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔም የምሄደው ለሱ ነው።»

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መጀመሪያ የሰማሁት ከአጥሩ ወዲያ፣ የጋሼ ዳንከን የወጥ ቤት በር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ነው፣ በዚያው ሳምንት ዘይት የቀባሁት እኔው ራሴ ነኝ። ቀጥሎ እርጥብ ኩበት ሲጨስ የሚመስል ሽታ መጣ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ እናት ሲመሽ ልጇን ከጨዋታ የምትጠራበት ዓይነት፣ መጨረሻው የሚጎተት ጥሪ። የሰው ስም ነው፣ ግን «ዳንከን» አይደለም።

እንደገና ተጣራች። ጋሼ ዳንከን ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ሰብለ ክንዳቸውን ያዘች።

«እንዳይመልሱ! ሦስት ጊዜ ሳይጠሩ አቤት አይባልም!»

«አንቺ ደግሞ፣ ኦሃዮ ድረስ ይዘሽው መጣሽ?» አለ ተሾመ።

ጋሼ ዳንከን ወደ ቤታቸው እያዩ፣ ፊታቸው የሕፃን ፊት ሆኖ፣ «አቤት!» አሉ።

ጥሪው ቆመ። ማጠፊያው መልሶ ሲጢጥ አለ።

ቁልፋቸውን ተቀብዬ በፊት ለፊቱ በር ቤታቸው ገባሁ። ለመንገዱ ብዬ ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮኑንም ከሶኬት ነቅዬ ነበር፣ እንደነቀልኩት ናቸው። ምድጃው ቀዝቃዛ፣ የወጥ ቤቱ በር ከውስጥ የተቀረቀረ። ሽታው ግን እዚያም ነበር፣ አንድ ወንበርም ከጠረጴዛው ተስቦ ወደ በሩ ዞሯል።

በማግስቱ አየር ማረፊያ ሳደርሳቸው መኪና ውስጥ «የተጠራውን ስም ሰምተሃል አይደል? እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ የለም። ሰብለንና ተሾመን ጠየቅኩ፣ ሁለቱም ሰምተዋል፣ ሁለቱም ጠፍቷቸዋል።

ከስኮትላንድ በቪዲዮ ደወሉልን፣ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። ሰብለ «መቼ ነው የሚመጡልኝ?» አለቻቸው። ሊመልሱላት ሲሉ ዞር አሉ፣ እኛ ከነፋስ በቀር የሰማነው የለም፣ እሳቸው ግን «አቤት!» አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላሉ፣ ደህና ነኝ ይላሉ። ሰብለ ስለ መመለስ ስታነሳባቸው ይስቃሉ። ቅጠሉ ረገፈ፣ በረዶውም መጣ፣ ሰብለ ግን እራት ስታቀርብ የሳቸውንም ሳህን ታስቀምጣለች። ቤታቸውን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ሲመሻሽ ከወጥ ቤታቸው አንድ ድምፅ ይሰማል፣ የሴቷ አይደለም፣ የወንድ ነው፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አቤት» ይላል።

ሰብለ፣ ተሾመ፣ ይህን ካነበባችሁ የተሳሳትኩትን አርሙ፣ የዘለልኩትን ጨምሩ። ስሙ ትዝ ካላችሁም ከታች ጻፉልኝ። ድምፅ አውጥታችሁ ግን አትጥሩት።